የጎላ ድምፅ ሁሉ የጠራ አይደለም፦ በታላላቅ ስታዲየሞች የሚቀርብ የሮክ ሙዚቃ የድምፅ ጥራትና የጆሮ ጤና

መግቢያ

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985) በአገራችን በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ዕርዳታ ለማሰባሰብ የታሰበው «ላይቭ ኤይድ» የተባለ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየሞች በአንድ ቀን ተካሄደ። በዌምብሌይ ብቻ 72,000 ያህል ተመልካች ተገኝቶ ነበር። በለንደኑ ዝግጅት መገባደጃ ላይ ፖል ማካርትኒ ፒያኖው ፊት ተቀምጦ መዝፈን ሲጀምር ማይክሮፎኑ ባለመሥራቱ ለሁለት ደቂቃ ያህል የፒያኖው ድምፅ እንጂ የዘፋኙ ድምፅ ሳይሰማ ቀረ።

ይህ ትንሽ እክል አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። በስታዲየም ውስጥ የሚሰማ ሙዚቃ ከዘፋኙ ጉሮሮ ወይም ከጊታሩ ክር በቀጥታ የሚመጣ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመሣሪያ ተጎልቶ የሚደርስ ነው። ስለሆነም አድማጩ የሚያገኘውን የድምፅ ጥራትም ሆነ ጆሮው የሚሸከመውን የድምፅ መጠን የሚወስኑት መሣሪያውን የሠሩት፣ የሰቀሉትና የሚቆጣጠሩት ሰዎች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስታዲየም ሙዚቃ ድምፅ ለምን ጥራት እንደሚያጣና ይህ ከጆሮ ጉዳት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማስረዳት፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያው ሊሰጥ የሚገባውን ምክርና ክትትል ማመልከት ነው። ፍሬ ሐሳቡ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ የድምፅ መጉላትና የድምፅ መጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥራት የጎደለው ዝግጅት ጉድለቱን በጉልበት ለመሸፈን ሲሞክር ዋጋውን የሚከፍለው የአድማጩ ጆሮ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታዲየም ለሙዚቃ የማይመችባቸው ምክንያቶች

ስታዲየም በመጀመሪያ የሚታነጸው ጨዋታ ለማየት እንጂ ሙዚቃ ለመስማት አይደለም። በዚህም የተነሳ የድምፅ ባለሙያው ከአራት ችግሮች ጋር መታገል ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። በክፍት ቦታ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለምሳሌ ከድምፅ ማጉያው በ10 ሜትር ርቀት 110 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በ20 ሜትር 104፣ በ40 ሜትር 98፣ በ80 ሜትር ደግሞ 92 ዴሲቤል ይሆናል። በ80 ሜትር ላይ ያለው ተመልካች 98 ዴሲቤል እንዲደርሰው ከተፈለገ፣ በ10 ሜትር ላይ የቆመው ሰው 116 ዴሲቤል መቀበል ግድ ይሆንበታል። ማጉያዎቹ በሙሉ በመድረኩ ግራና ቀኝ ብቻ ከተደረደሩ፣ የኋለኛው እንዲሰማ የፊተኛው ይጎዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው የከበሮውን ዱላ ሲወርድ ካየ በኋላ ድምፁን የሚሰማው ከሰከንድ ሩብ በላይ ዘግይቶ ነው። ያው ድምፅ በኮንክሪቱ ደረጃ ነጥሮ ወደ መድረኩ አጠገብ ሲመለስ ደግሞ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የሰው ጆሮና አንጎል ተከታትለው የሚደርሱ ሁለት ተመሳሳይ ድምፆችን እንደ አንድ የሚቆጥሩት በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ50 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ሳያልፍ ሲቀር ነው። ይህም በርቀት ሲሰላ 17 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ የዘገየ ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ራሱን ችሎ ይሰማል፤ ቃላትም እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። ስታዲየም ውስጥ ከ17 ሜትር በላይ ዞሮ የሚመጣ ድምፅ እጅግ ብዙ ነው።

ሦስተኛው የአየሩ ሁኔታ ነው። አየር ቀጭን ድምፆችን ከወፍራሞቹ ይበልጥ ስለሚያመነምናቸው፣ ሩቅ ለተቀመጠ ሰው የባሱ ጉርምርምታ ሲደርሰው የቃሉ ጥራት ግን በመንገድ ይቀራል። በፀሐይ የጋለ መሬት ከበላዩ ያለውን አየር ሲያሞቀው ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ነፋስም አቅጣጫውን ያስተዋል። ከሰዓት በኋላ የተስተካከለ ድምፅ አመሻሹ ላይ ሌላ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ሕዝቡ ራሱ ነው። በኦገስት 15 ቀን 1965 ቢትልስ በኒው ዮርኩ ሼይ ስታዲየም ለ55,600 ያህል ሰው ሲጫወቱ፣ የያዟቸው ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየሮችና ለጨዋታ ማስታወቂያ የተተከሉት የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያዎች የተመልካቹን ጩኸት ሊያሸንፉ አልቻሉም። ሕዝቡ ሙዚቃውን ለመስማት ተቸገረ፤ ተጫዋቾቹም የገዛ ድምፃቸውን መስማት ተሳናቸው። በዓመቱ፣ በኦገስት 1966 በሳን ፍራንሲስኮ ካቀረቡት ዝግጅት በኋላ፣ ቡድኑ ትኬት እየሸጠ ከተማ ለከተማ መዞሩን አቆመ።

ለችግሩ የተሰጡ ሁለት ዓይነት መልሶች

ከሼይ ስታዲየም ልምድ በኋላ ሁለት ዓይነት መልሶች ታዩ። አንደኛው ጉልበት መጨመር ነበር። በሜይ 31 ቀን 1976 ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በለንደን በቻርልተን የእግር ኳስ ሜዳ ባቀረበው ዝግጅት ከድምፅ ማጉያዎቹ በ32 ሜትር ርቀት ላይ 126 ዴሲቤል ተለካ። ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብም የዓለም ከፍተኛ ድምፅ ያለው ቡድን ብሎ መዘገበው። መዝገቡ ከጊዜ በኋላ በጆሮ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ላለማበረታታት ሲል ይህን ዓይነቱን ውድድር መመዝገብ ትቷል። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንሼንድ የመስማት ችግርና የማያቋርጥ የጆሮ ጩኸት እንዳለበት በአደባባይ ተናግሯል። ለጉዳቱ ከመድረኩ ይልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ጆሮው ላይ ያደርገው የነበረውን የጆሮ ማዳመጫ ይበልጥ ተጠያቂ ማድረጉ ለጤና ባለሙያ የሚጠቅም ትምህርት ነው። ለውስጠኛው ጆሮ ወሳኙ የድምፁ መጠንና ጊዜው እንጂ የመጣበት ዕቃ አይደለምና።

ሁለተኛው መልስ ድምፁን በትክክል ማከፋፈል ነበር። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ቡድን በ1974 «የድምፅ ግንብ» የተባለና 75 ቶን ያህል የሚመዝን የማጉያዎች ክምር ከተጫዋቾቹ በስተኋላ አቆመ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ማጉያዎች ስለነበሩት የአንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር በአንድ ማጉያ ውስጥ እየተቀላቀለ አይዛባም ነበር። ይሁን እንጂ ክምሩን ማጓጓዝና መትከል እጅግ ከባድና ውድ በመሆኑ በዚያው ዓመት ቀረ።

ዘላቂ ሆነው የተገኙት ሁለት ዘዴዎች ናቸው። የመጀመሪያው ከመድረኩ ራቅ ብሎ በሕዝቡ መካከል ማጉያ የተሸከሙ ማማዎችን ማቆም ነው። ማማው ከመድረኩ በ60 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ የሚወጣው ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ 175 ሺኛ ሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ይደረጋል፤ በዚህም ከመድረኩ ከሚመጣው ድምፅ ጋር አብሮ ይደርሳል። በጁላይ 1973 በኒው ዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን 600,000 ያህል ሰው በተሰበሰበበት ዝግጅት ይኸው ዘዴ በዲጂታል ማዘግያ ተሠርቶበታል። ሁለተኛው ዘዴ ማጉያዎችን ከላይ ወደ ታች እንደ ተንጠልጣይ ዓምድ መደርደር ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሄይል በ1992 ካስተዋወቀው መሣሪያ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለው ዓምድ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ድምፁ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ሳይሆን በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ እንዲቀንስ ያደርጋል። ድምፁንም ወደ ሕዝቡ ስለሚያነጣጥረው ከኮንክሪትና ከጣሪያ የሚነጥረው ይቀንሳል።

እነዚህ ዘዴዎች የተፈለሰፉት ለጥራት ቢሆንም ለጤናም ይበጃሉ። ኋላ ያለው ሰው በቅርቡ ካለ ማማ የሚሰማ ከሆነ ፊት ያለውን ሰው በ116 ዴሲቤል መደብደብ አያስፈልግም። በሌላ አነጋገር፣ ጥሩ የድምፅ ንድፍ የመከላከል ሕክምና አካል ነው።

ጉልበት ሲበዛ ጆሮ ራሱ ጥራት ያጣል

ታዲያ ከፍ ያለ ድምፅ ለብዙ ሰው «የተሻለ» ሆኖ የሚሰማው ለምንድን ነው? ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራም ድምፆችን ለመስማት ይደክማል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ይህ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። በመሆኑም ያው ሙዚቃ ከፍ ብሎ ሲቀርብ የሞላና የደመቀ ይመስላል። አድማጩም የድምፅ ባለሙያውም በቀላሉ የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ወሰን አለው። ኮክሊያ የሚባለው የቀንድ አውጣ ቅርፅ ያለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል እያንዳንዱን የድምፅ ድግግሞሽ በየራሱ ቦታ ለይቶ ይቀበላል። ድምፁ እጅግ ሲጎላ ይህ የመለየት ችሎታ ይደበዝዛል፤ አንዱ ድምፅ የሌላውን ቦታ ጭምር ማነቃነቅ ይጀምራል። በተለይም ወፍራም ድምፆች ከእነርሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይጋርዳሉ። የባስ ጊታሩና የከበሮው ጉልበት ሲጨመር የዘፋኙ ቃል የሚጠፋው ኮንክሪቱ ስላስተጋባ ብቻ ሳይሆን በጆሯችን ውስጥም ስለተሸፈነ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ዝግጅቱ በቀጠለ መጠን የአድማጩም የባለሙያውም ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል። ጆሮው የደነዘዘ ባለሙያ ቀጭኑ ድምፅ የጠፋ ስለሚመስለው መጠኑን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ከፍ ያለው መጠን ደግሞ ድንዛዜውን ያብሰዋል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የድምፅ መለኪያ ነው። የደም ግፊትን በግምት እንደማንለካ ሁሉ የድምፅ መጠንም በደከመ ጆሮ ሊለካ አይገባውም።

በውስጠኛው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

በእያንዳንዱ ኮክሊያ ውስጥ 3,500 ያህል የውስጥ፣ 12,000 ያህል ደግሞ የውጭ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። የውጮቹ ሕዋሳት ደካማ ድምፅን አጉልተው ሲያደምቁ፣ የውስጦቹ መልእክቱን ለመስማት ነርቭ ያስተላልፋሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ልጅ ውስጥ አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም።

ከመጠን ያለፈ ድምፅ በሁለት መንገድ ይጎዳቸዋል። በአንድ በኩል በሕዋሳቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ፀጉሮች በማናወጥ ያጎብጣቸዋል፣ ይሰብራቸዋል። በሌላ በኩል ሕዋሳቱን ከአቅማቸው በላይ በማሠራት ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች እንዲከማቹና የነርቭ ጫፎች እንዲያብጡ ያደርጋል። በመካከለኛው ጆሮ ያለችው ስታፒዲየስ የተባለች ትንሽ ጡንቻ ድምፅ ሲጎላ ብትኮማተርም፣ የምታግደው በአብዛኛው ወፍራም ድምፆችን ስለሆነና ለረጅም ሰዓት ስትሠራ ስለምትደክም ብቻዋን በቂ መከላከያ አይደለችም።

ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ጊዜያዊ የመስማት መቀነስ ይከሰታል። አድማጩ ከስታዲየሙ ሲወጣ ጆሮው በጥጥ የተደፈነ ያህል ይሰማዋል፣ ጆሮው ይጮኻል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻሻላል። መጋለጡ ሲደጋገም ወይም እጅግ ሲበረታ ግን ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል። በኦዲዮሜትር ምርመራ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ የሚታየው ጎድጓዳ ምልክት ለድምፅ ጉዳት የታወቀ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት የጆሮ ቀዳዳ በቅርፁ የተነሳ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች ይበልጥ ማጉላቱ ነው።

ቀደም ሲል የመስማት ምርመራው ወደ ነበረበት ከተመለሰ ጉዳት አልቀረም ተብሎ ይታመን ነበር። ኩጃዋና ሊበርማን በ2009 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ግን የመስማት መነሻው ሙሉ በሙሉ ካገገመ በኋላም በውስጥ ሕዋሳትና በነርቭ መካከል ያሉት መገናኛዎች በብዛት ጠፍተው ተገኝተዋል። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ ገና በመጠናት ላይ ቢሆንም፣ «ጩኸቱ ነገ ይተወኛል» ለሚል ወጣት ያለ ጥንቃቄ ማረጋገጫ እንዳንሰጥ ያስጠነቅቀናል።

የጉዳቱ የመጀመሪያ ሰለባ ቀጫጭን ድምፆች በመሆናቸው፣ ታካሚው ስ፣ ሽ፣ ፍ እና ጽን የመሳሰሉትን መለየት ይቸግረዋል። «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ጨዋታ መከተል ያቅተዋል፤ ቀስ በቀስም ከማኅበራዊ ኑሮ ይርቃል። ጥሩ ሙዚቃ ለመስማት የሄደ ሰው የሙዚቃን ጥራት የሚለይበትን ጆሮ አጥቶ ይመለሳል ማለት ነው።

ምን ያህል ድምፅ፣ ለምን ያህል ጊዜ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያወጣው የመጋለጥ ወሰን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። መጠኑ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይኸውም፦

- 85 ዴሲቤል፦ 8 ሰዓት
- 88 ዴሲቤል፦ 4 ሰዓት
- 91 ዴሲቤል፦ 2 ሰዓት
- 94 ዴሲቤል፦ 1 ሰዓት
- 97 ዴሲቤል፦ 30 ደቂቃ
- 100 ዴሲቤል፦ 15 ደቂቃ

በዚህ ስሌት በአማካይ 100 ዴሲቤል በሚሰማበት ስታዲየም ሁለት ሰዓት ተኩል የቆየ ሰው የአሥር ቀን ድርሻውን በአንድ ምሽት ተቀብሏል። በቻርልተን የተለካውን 126 ዴሲቤል በዚሁ ሕግ ብናሰላው የቀኑ ድርሻ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። እርግጥ ይህ ወሰን የወጣው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ለሚጋለጥ ሠራተኛ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ዝግጅት የሚያይ ሰው ወዲያው ይደነቁራል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ በየዝግጅቱ የሚሠሩ የድምፅ ባለሙያዎች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ሻጮች፣ እንዲሁም በመጀመሪያ ዕርዳታ ድንኳን የሚመደቡ የጤና ባለሙያዎች ስታዲየሙ የሥራ ቦታቸው በመሆኑ ወሰኑ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ ሥፍራዎችና ዝግጅቶች ዓለም አቀፍ መመዘኛ አውጥቷል። በዚህም መሠረት የድምፁ መጠን በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ መጠኑም በዝግጅቱ ጊዜ ሁሉ በመሣሪያ እንዲለካ፣ የሥፍራው ድምፅ አሰጣጥና የማጉያዎቹ አቀማመጥ እንዲስተካከል፣ የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር፣ ለሠራተኞች ሥልጠና ለተመልካቾችም መረጃ እንዲሰጥ ይመክራል። የማጉያዎች አቀማመጥ ከጤና መመዘኛዎች አንዱ ሆኖ መግባቱ ጥራትና ጤና የተያያዙ መሆናቸውን ያረጋግጣል። አንዳንድ አገሮች ከዚያ በፊት ሕግ ነበራቸው፤ ለምሳሌ ፈረንሳይ በ2017 ባወጣችው ድንጋጌ በ15 ደቂቃ አማካይ 102 ዴሲቤልን የመጨረሻ ወሰን ከማድረጓም በላይ፣ ለወፍራም ድምፆች በተለየ መለኪያ 118 ዴሲቤል የሚል ሌላ ወሰን ደንግጋለች።

የጆሮ መድፈኛ

በርካታ ወጣቶች የጆሮ መድፈኛ «ሙዚቃውን ያበላሸዋል» ብለው ይፈሩታል። ይህ ስጋት ግማሽ እውነት አለው። ተራው የስፖንጅ መድፈኛ ከወፍራሞቹ ይልቅ ቀጭን ድምፆችን ይበልጥ ስለሚያግድ ሙዚቃው የታፈነ ይመስላል። ሆኖም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሁሉንም ድምፆች በእኩል መጠን የሚቀንስ ለሙዚቀኞች የተሠራ መድፈኛ በገበያ ላይ ይገኛል። ይህ ዓይነቱ መድፈኛ 15 ዴሲቤል ቢቀንስ የ100 ዴሲቤሉ ድምፅ በጆሮ ውስጥ 85 ይሆናል፤ የሚፈቀደውም ጊዜ ከ15 ደቂቃ ወደ 8 ሰዓት ያድጋል። ከላይ እንደተገለጸው ኮክሊያ ከመጠን ባለፈ ድምፅ የመለየት ችሎታው ስለሚደበዝዝ፣ አድማጩ መድፈኛ ካደረገ በኋላ የዘፋኙን ቃል ይበልጥ አጥርቶ ሊሰማ ይችላል።

በኔዘርላንድስ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት ጥቅሙን በግልጽ አሳይቷል። በአማካይ 100 ዴሲቤል በነበረበት የአምስተርዳም የአደባባይ ዝግጅት ላይ 51 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ለአራት ሰዓት ተኩል ቆዩ። መድፈኛ ካላደረጉት ጆሮዎች 42 በመቶው ጊዜያዊ የመስማት መቀነስ ሲታይባቸው፣ ካደረጉት ግን የታየባቸው 8 በመቶው ብቻ ናቸው። የጆሮ ጩኸት የጀመራቸውም ካላደረጉት 40 በመቶ፣ ካደረጉት ደግሞ 12 በመቶ ነበሩ።

አጠቃቀሙም መማርን ይጠይቃል። የስፖንጁ መድፈኛ በንጹሕ ጣት ተጠቅልሎ ከቀጠነ በኋላ፣ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ ይገባል፤ እስኪያብጥም ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይያዛል። ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ ጥጥ ወይም ሶፍት በቂ መከላከያ አይደለም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ታላላቅ የስታዲየም የሮክ ዝግጅቶች በአብዛኛው የሚካሄዱት በሌሎች አገሮች ቢሆንም፣ ታካሚው ከጭፈራ ቤት፣ ከሠርግ ድንኳን ወይም ከጆሮ ማዳመጫ የመጣ ቢሆንም ስሌቱ አይለወጥም። በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች በማንኛውም የጤና ተቋም ሊተገበሩ ይችላሉ።

1. ጆሮው የሚጮኽ ወይም መስማት የቀነሰ ታካሚ ሲመጣ ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስለ መዝናኛውም ይጠየቅ። መለኪያ በሌለበት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልግ እንደነበር መጠየቅ ይጠቅማል። አስፈልጎ ከነበረ ድምፁ 85 ዴሲቤል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደነበር ይገመታል።

2. የጆሮው ቀዳዳና ታምቡር በኦቶስኮፕ ይታይ። ኩክ፣ የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ወይም የተቀደደ ታምቡር ችግሩ ከሌላ ምክንያት የመጣ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

3. ኦዲዮሜትር በማይገኝበት ባለ 512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ይረዳል። አንድ ጆሮ ብቻ በተጎዳበት ታካሚ በዌበር ምርመራ ድምፁ ወደ ጤነኛው ጆሮ ካደላ የውስጠኛው ጆሮ ወይም የነርቭ ችግር፣ ወደታመመው ካደላ ደግሞ የድምፅ ማስተላለፊያው ክፍል ችግር ይጠረጠራል።

4. ከዝግጅት በኋላ የመጣ መለስተኛ ድንዛዜ ወይም ጩኸት ያለበት ሰው ለሁለት ቀን ያህል ጆሮውን ከጩኸት እንዲያሳርፍና እንዲመለስ ይነገረው። ከ48 ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ለመስማት ምርመራ ይላክ።

5. በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት የመጣ፣ በተለይም በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነ ከባድ የመስማት መቀነስ አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ ስለሆነ «ይተውሃል» ተብሎ መሸኘት የለበትም። የስቴሮይድ ሕክምና የሚሰጠው ቶሎ ሲሆን፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ የተሻለ ውጤት የማስገኘት ዕድል ስላለው ታካሚው በፍጥነት ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይላክ።

6. ጀንታማይሲን፣ አሚካሲንና የመሳሰሉትን መድኃኒቶች ወይም ሲስፕላቲንን በመውሰድ ላይ ያለ ታካሚ ከከፍተኛ ድምፅ እንዲርቅ ይመከር፤ የመድኃኒቱና የድምፁ ጉዳት አንዱ ሌላውን ያባብሳልና።

7. ወደ ዝግጅት ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ምክር አጭር ይሁን። ከማጉያው ይራቅ፣ መድፈኛ ይያዝ፣ በየመካከሉ ጸጥ ወዳለ ቦታ ወጥቶ ጆሮውን ያሳርፍ። ሕፃናት ያለ ጆሮ መሸፈኛ አይወሰዱ።

የሞቱትን ፀጉር መሰል ሕዋሳት የሚመልስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። በመሆኑም ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያችን ምክር ነው። ምክሩም ሙዚቃን የሚያወግዝ ከሆነ ወጣቱ አይሰማውም። «አትሂድ» ከማለት ይልቅ «ነገም አጥርተህ እንድትሰማ» ብሎ መጀመር ይበልጥ ተቀባይነት ያገኛል።

ማጠቃለያ

በሼይ ስታዲየም ችግሩ የድምፅ ማነስ ነበር፤ በቻርልተን ደግሞ ድምፁ ከልክ አለፈ። በሁለቱ መካከል የነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት ጉልበትን ማሳደግ ቀላል፣ ጥራትን ማስገኘት ግን ከባድ መሆኑን አሳይተዋል። ዛሬ ድምፅን በትክክል የሚያከፋፍሉ ማማዎችና ዓምዶች፣ መጠኑን የሚቆጣጠሩ መለኪያዎች፣ ሙዚቃን ሳያፍኑ ጆሮን የሚጠብቁ መድፈኞች አሉ። ስለሆነም በሙዚቃ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ጉዳት በአብዛኛው ሊወገድ የሚችል ነው። የጎላውን ከጠራው ለይቶ ማስረዳትና አድማጩ ጆሮውን በጊዜ እንዲጠብቅ ማድረግ የእያንዳንዱ የጤና ባለሙያ ኃላፊነት ነው።